የማካሮቭ ሽጉጥ መመለሻ ሞላ፦ ምን ያህል ጥንካሬ ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የአንድ ቡና መጋዘን ጥበቃ ኃላፊ ነኝ። በስሜ ፈቃድ የወጣበት ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ። የመመለሻ ሞላው የደከመ ስለመሰለኝ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ ባለ 20 ፓውንድ ሞላ አመጣልኝና ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ በተፈቀደልን የልምምድ ቦታ ስተኩስ ባዶው ቀለህ አልወጣ እያለ መሀል ላይ ይነከሳል፤ የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላም ማቀባበያው (ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት) ኋላ ላይ አይቆምም። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ሞላ ልፈልግ ወይስ የላላ?

መልስ፦ የላላውን ይፈልጉ፤ የድሮውንም ሞላ አይጣሉት። የዘረዘሯቸው ሁለት ምልክቶች አዲሱ ሞላ ለሚተኩሱት ጥይት እንደከበደ ያመለክታሉ።

በማካሮቭ ላይ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የማይነቃነቅ ሆኖ ስለተሠራ፣ ጥይቱ ሲፈነዳ ማቀባበያውን የሚይዝ ሌላ መቆለፊያ የለም፤ የጋዙን ግፊት የሚቋቋሙት በዋናነት የማቀባበያው ክብደትና ሞላው ናቸው። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገባለት ሞላ ራሱ 17 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ይህም ለ9 በ18 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚበቃ ነው። በላዩ 3 ፓውንድ ሲጨመር፣ በተለይ ጥይቱ የቆየ ወይም ደከም ያለ ከሆነ፣ ማቀባበያው ወደ ኋላ የሚሄድበትን ርቀት ሳይጨርስ ይመለሳል። በዚህ ሽጉጥ ላይ ቀለሁን የሚያስፈነጥረው ጥርስና ማቀባበያውን ኋላ ላይ የሚያቆመው ማገጃ አንድ ብረት መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ማቀባበያው እዚያ ሳይደርስ ሲመለስ ሁለቱም ሥራቸውን አይሠሩም፤ የእርስዎም ሁለት ችግሮች አብረው የመጡት ለዚህ ይመስለኛል።

«አጭር ሽጉጥ ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል» የሚለው አባባል ከሌላ ዓይነት ሽጉጥ የመጣ ነው። ባለ 45 ካሊበሩ ኮልት 1911 ባለ 5 ኢንች አፈሙዝ ሲሆን 16 ፓውንድ ሞላ ይይዛል፤ አፈሙዙ ወደ 4 ከሩብ ኢንች ሲያጥር 18 ፓውንድ ይገባለታል፤ ማቀባበያው ቀልሎና መንገዱም አጥሮ ያንኑ ጥይት ስለሚሸከም ነው። የእርስዎ ሽጉጥ ግን መጀመሪያውኑ በትንሽነቱ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ያንን ስሌት ወደ እርሱ ማምጣት አይገባም።

በሌላ በኩል ሞላው ከልክ በላይ ሲደክም ማቀባበያው አካሉን ክፉኛ ይመታል፤ ቀለሁም ሩቅ ይወረወራል። የድሮው ሞላ በእርግጥ ካጠረ ወይም ከተጣመመ በዚያው በ17 ፓውንድ አዲስ ይተኩት። ቀለበቶቹን በመቁረጥ ሊያላሉት፣ ወይም የደከመውን ጎትተው ሊያረዝሙት ፈጽሞ አይሞክሩ።

ሞላውን ከመውቀስ በፊት ግን ጽዳቱን ይመልከቱ። ሞላው አፈሙዙ ላይ ተጠምጥሞ የሚቀመጥ በመሆኑ የጅማ ዝናብ ያመጣው እርጥበት በቀለበቶቹ ሥር ዝገት ይተዋል፤ በመጋዘን ውስጥ ደግሞ የጀንፈል ብናኝ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ይይዛል። ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አውጥተው፣ በሽጉጡ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጠው ይፍቱት፤ ጠርገው ስስ ዘይት ብቻ ይቀቡት። ከዚያ በልምምድ ቦታው ካርታ ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገብተው ይተኩሱ፤ ማቀባበያው ኋላ ላይ ከቆመ ሞላው ልክ ነው፤ ይህንንም በተለያዩ ጥይቶች ደጋግመው ይዩት። በ17 ፓውንዱም ካልቆመ ማገጃው አልቆ ወይም የካርታው ሞላ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ያሳዩት።

ሲገጥሙት ደግሞ የሞላው ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ይመልከቱ፤ የመጨረሻ ቀለበቱ ጠበብ ያለው ጫፍ ቀድሞ አፈሙዙ ላይ ይገባል።