አፑ ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ቁልፉን አስጨርሺ

ሰላም እህቴ። «ለትምህርት ቤታችን 20 ታብሌትና አንድ ፕሮጀክተር ሊሰጠን ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለንም፤ ለ8ኛ ክፍል ሳይንስ ምን ልጫንባቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ የአፕ ስም ደርድረውልሻል። እኔም እደረድራለሁ፣ ችግር የለውም። ግን አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፦ ታብሌቶቹ የሚገቡበት ቁምሳጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚሆነው? ይሄ ካልታወቀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

1. ፊርማ። ዕቃው እንደደረሰ «ተረካቢ» በሚለው ቦታ ላይ ፈርሚ ይሉሻል። እኛ ጋ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሰብስቦን «አንድ ስክሪን ቢሰነጠቅ ከደመወዛችሁ ነው» አለን። እንግዲህ ማን ይፈርማል? ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ታብሌቶቹ ከነካርቶናቸው ተቆለፈባቸው። ለመውሰድ ማመልከቻ መጻፍ፣ ርዕሰ መምህሩ እስኪመራው መጠበቅ፣ የተመራውን ይዞ ንብረት ክፍል መሄድ፤ ሰውዬው ደግሞ ወይ ስብሰባ ላይ ነው ወይ «አሁን ወጣ»። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «መምህር፣ ጠመኔ ምን አለው?» አለኝ። ተማሪዎቼ ፊት! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚህ ሁኔታ ዓመቱ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ካርቶኑ ሲከፈት ብዙዎቹ አልነሳ አሉ። ሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ቻርጀር ቢሰካለትም አይቀበልም፣ አንዳንዱማ ያብጣል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ አካባቢ ሞልቶ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ፣ በየተወሰነ ወሩ እየታየ መሆን አለበት። ይሄን አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቄያቸው ነበር፣ ቅጂውም አለኝ። ታዲያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለብልሽቱ ምክንያት በጽሑፍ መልስ ስጥ» የሚል ደብዳቤ ለኔ ጻፉልኝ! ነክቼው ለማላውቀው ዕቃ!

ስለዚህ አንቺ ዕቃው ሳይገባ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪና ይሄን በጽሑፍ አስጨርሺ፦ ቁልፉ ሳይንስ ክፍል እንዲሆን፣ ትምህርት ላይ እያለ የተሰበረ ዕቃ የመምህሩ ዕዳ እንዳይሆን፣ ቻርጅ የሚያደርገው ሰው በስሙ እንዲታወቅ። በቃል «ችግር የለም» ቢሉሽ አትመኚ። ሁለተኛው ዙር ዕቃ ሲመጣ እኔ እምቢ አልኩ፣ ሳይፈረምልኝ አልረከብም አልኩ፣ ፈረሙ። የሰውዬው ፊት ጠቆረ እንጂ ምንም አላመጣም። ከዚያ ወዲህ በልጆች እጅ የተሰበረ የለም። አንዱን ታብሌት የጣለው ሊጎበኘን የመጣ ኃላፊ ነው። ከደመወዙ ይቆረጥ አይቆረጥ አልጠየቅኩም።

2. የሚጫነው። ይሄ ቀላሉ ነው። ፌት የሚባሉትን ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ አስመስለው የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን ጫኚ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሥራ ነው፣ የጀመረው ካርል ዊማን የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው። በነፃ ነው። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄደሽ አንድ በአንድ አውርጂና በፍላሽ ዲስክ አምጫቸው። ኤችቲኤምኤል5 የሆኑትን፣ ማለትም በተራ ብራውዘር የሚከፈቱትን ብቻ ውሰጂ፣ ጃቫና ፍላሽ በሚባሉ ፕሮግራሞች የተሠሩት የድሮዎቹ ታብሌት ላይ አይከፈቱልሽም። በየታብሌቱ መገልበጥ ከሰለቸሽ ኮሊብሪ የሚባለውን ትምህርት ማከፋፈያ ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ጫኚና በራውተር አገናኚያቸው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ልጆቹ ከዚያው ኮምፒውተር ይከፍቱታል። ሦስተኛው ፋይፎክስ ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ። በቃ። ሌላ አትጨምሪ፣ አርባ አፕ የተጫነበት ታብሌት ላይ ልጁ የሚያገኘው ጌም ነው።

3. አጠቃቀሙ። ፕሮጀክተር ከፍቶ ሲሙሌሽን እያሳዩ ማስረዳት ሲኒማ ነው። ልጆቹ ይወዱታል፣ ፈተና ላይ ግን ምንም አይወጣውም። ምንም ከማሳየትሽ በፊት ይገምቱ፣ ግምታቸውንም ደብተር ላይ ይጻፉት። ካልጻፉ ውጤቱን ሲያዩ «እኔም እንደሱ ነበር ያልኩት» ይላሉ፣ አውቃቸዋለሁ።

እኔ ሁሌ የምጠቀምበትን ጥያቄ ልስጥሽ። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ከባትሪ ጋር ተያይዘዋል። የትኛው ይደምቃል? አብዛኛው ልጅ የመጀመሪያው ይላል። አንዱማ ብድግ ብሎ «የመጀመሪያው ጠጥቶ የተረፈውን ነው ለሁለተኛው የሚያሳልፈው» ሲል ክፍሉ አጨበጨበለት። እኔም ዝም አልኩና ታብሌቶቹን አደልኩ። ሲሙሌሽኑ ላይ ሠሩት፣ ሁለቱም እኩል በሩ። አሜትር (የከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) ከአምፖሎቹ በፊትም በመሀልም በኋላም አስገቡ፣ ቁጥሩ ያው ነው። የሚቀንሰው ባትሪው ውስጥ ያለው ኢነርጂ እንጂ ከረንቱ እንዳልሆነ ራሳቸው ተከራክረው ደረሱበት።

ያጨበጨቡለት ልጅ ግን አልተረታም። «ይሄማ ኮምፒውተር ነው፣ የፈለጉትን ያሳያል» አለኝ። ደስ ይበልሽ እንዲህ የሚል ልጅ ካገኘሽ! እውነተኛ ባትሪና አምፖል አወጣሁለት። አያያዘው፣ እና ጉድ ፈላ፣ የመጀመሪያው አምፖል ደመቀ! ሲሙሌሽኑ ውስጥ አምፖሎቹ ፍጹም አንድ ናቸው፣ ከፋብሪካ የሚወጡት ግን ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። ልጁ ጓደኞቹን ዞሮ ዞሮ አየ፣ አሸነፍኩ ነው። «ቦታቸውን ቀያይራቸው» አልኩት። ቀየረ። የደመቀው ያው አምፖል ነው፣ አሁን ግን ሁለተኛ ላይ ሆኖ። ድምቀቱ ከአምፖሉ ጋር ተዛወረ። አላመነም፣ ደግሞ ቀየረ፣ ባትሪውንም ገለበጠ፣ ደውል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ሽቦ እየፈታ ነበር። ሲሙሌሽኑ ብቻ ቢሆን ይሄ አይመጣም ነበር፣ አምፖሉ ብቻ ቢሆን ደግሞ ልጁ ትክክል ነኝ ብሎ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ታብሌት መጣ ብለሽ ሽቦና አምፖሉን ወደ ጎን እንዳትይው።

4 እና 5 ብዬ ልቀጥል ነበር፣ በጣም ረዘመብኝ። ለመጀመሪያው ቀን ግን ፋይፎክስን ልንገርሽ። በጀርመን የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነፃ አፕ ነው፣ የስልክና የታብሌት ሴንሰሮችን መለኪያ ያደርጋቸዋል። ርካሽ ታብሌት ብዙ ሴንሰር ላይኖረው ይችላል፣ ማይክሮፎን ግን አያጣም፣ ለዚህ ደግሞ እሱ ይበቃል። በድምፅ የሚነሳና በድምፅ የሚቆም ሰዓት አለው። ሁለት ታብሌት 5 ሜትር አራርቀሽ አስቀምጪ። አንዱ ልጅ ከመጀመሪያው ታብሌት አጠገብ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ሰዓቶች ይነሳሉ፣ የሩቁ ግን ድምፁ እስኪደርሰው ትንሽ ይዘገያል። ቀጥሎ ሌላው ልጅ ከሁለተኛው አጠገብ ያጨበጭባል፣ አሁን ደግሞ ለመቆም የሚዘገየው የመጀመሪያው ነው። የሁለቱን ሰዓት ልዩነት ያውጡ፣ 0.03 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ድምፁ ሁለት ጊዜ 5 ሜትር ስለተጓዘ 10ን ለዚያ ልዩነት ያካፍሉ። በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ሲወጣላቸው መጽሐፉን ገልጠው ያመሳክራሉ፣ አንቺ አትንገሪያቸው። ክፍሉ ጸጥ ማለት አለበት፣ አንድ ልጅ ቢያስል ሰዓቱ ይነሳል። ጭብጨባው የበዛበት የጎረቤት ክፍል መምህር ቢቆጣሽ ግን እኔ የለሁበትም። ስለ ቁልፉና ስለ ዕዳው ርዕሰ መምህሩን የምታስፈርሚውን ደብዳቤ ረቂቅ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።