ሐረጎን ሳታስወርጂው አትግዢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ኮምቦልቻ ታስተምሪያለሽ፤ ወላጆችሽ ደሴ ናቸው፤ በየሳምንቱ መመላለሻ የሚሆን በፈረንጆቹ የ2003 ስሪት ኮሮላ ስቴሽን ዋገን፣ ባለ 1.4 ሊትር ሞተር፣ አግኝተሻል። ሻጩ «ሞተሩ አልተነካም» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «አስተማማኝ ነው ወይ? ጥገናውስ ኪስ ያራቁታል ወይ?» ትያለሽ። የዚያው ዓይነት መኪና በአንድ ዓመት የሚበልጠው እኔ ዘንድ ስድስት ዓመት ሆነው። ደሴ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ደብተርና ወረቀት ከኮምቦልቻ የማመላልሰው በእሱ ነው።

ከእኔ በፊት «ቶዮታ ነው፤ አይሰበርም» ብለው የመለሱልሽ ሰዎች ምናልባት የሚያወሩት ዲኤክስ ስለሚባለው አሮጌ ኮሮላ ነው። ይህኛው ሞተር የራሱ አመል አለው፤ ዘይት ይጠጣል። እኔ በ2012 ስገዛው ማንም አልነገረኝም። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ስለማላይ የዘይቱን መጠን ለማየት ኮፈኑን ከፍቼ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ወር ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ የዘይቷ መብራት ብልጭ አለች። ዳር ይዤ መለኪያውን ብመዘው ደረቅ ነው። ሞተሩ የሚይዘው ከ4 ሊትር ያነሰ ዘይት መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ አብዛኛው በጭስ ማውጫው ወጥቶ አልቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል በሚመላለሰው ፒስተን ላይ ዘይቱን ጠርጎ ወደ ታች የሚመልስ ፋሻ (ቀለበት) አለ። በእነዚህ ሞተሮች፣ ማለትም በ1.4 እና በ1.6 እንዲሁም በወንድማቸው በ1.8፣ ዘይቱ የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ናቸው። ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ ቀዳዳዎቹ በጥላሸት ይደፈናሉ፤ ፋሻው ይጣበቃል፤ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። አምራቹ ራሱ በኋላ የፒስተኑን ሥራ አሻሽሎታል። ይህን ያላወቀ አንድ ጋራዥ በ2013 የድሮውን ፒስተን አጥቦ አዲስ ፋሻ ብቻ ገጠመልኝና 31 ሺህ ብር ተቀበለኝ። ስምንት ወር አልሞላም፤ ጭሱ ተመለሰ።

በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንሸሽ ያ መኪና አሥራ አንድ ሰው ጭኖ ደብረ ብርሃን ገብቷል። ባለቤቴ ልጅ በአንድ እጇ፣ የዘይት ጀሪካን በሌላ እጇ ታቅፋ ነበር፤ ሁለት ቦታ ቆመን ጨምረናል። ስለዚህ ስወቅሰው ውለታውን ረስቼ አይደለም። ከተመለስን በኋላ ሌላ መካኒክ የተሻሻለውን ፒስተን ከነፋሻው ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሠራልኝ፤ 58 ሺህ ብር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ዘይት እቀይራለሁ፤ በመካከል የምጨምረው ከግማሽ ሊትር አይበልጥም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ለዚህ ሞተር ከሐረጎ የተሻለ መፈተሻ የለም፤ በነፃ ነው ደግሞ። ማለዳ ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው ድረሺ፤ ኮፈኑን በእጅሽ ዳሰሽ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጪ። ከደሴ ተነሺና ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ እግርሽን ከነዳጁ ላይ አንሥተሽ ውረጂ። እንዲህ ሲወርድ ሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይቱን በደከመው ፋሻ በኩል ወደ ላይ ይጎትተዋል። ታች ሜዳው ላይ ስትደርሺ ነዳጁን አጥብቀሽ ርገጪና በመስታወት ወደ ኋላ ተመልከቺ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ «አልተነካም» የተባለው ሞተር መነካት የሚያስፈልገው ሞተር ነው። ስትመለሺ ደግሞ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጀምሪው። የሞተሩ ጩኸት እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን አልቋል። ጉልበት ማነሱ ብቻ ግን አያስደንግጥሽ፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል።

ከዘይት ቀጥሎ ውሃ ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ ሲሠራ ከዚያ ብዙም አይርቅም። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማዋ የተሰነጠቀች የክዳን ቁራጭ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ታጣምምብሻለች፤ እኔ መኪና በገዛሁ ቁጥር መጀመሪያ የምቀይረው ክዳኑን ነው። ሌላው የከተማችን ልማድ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው፤ «ሙቀት ይቀንሳል» ይባላል። በደሴ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ውሎ ይገባል፤ ቤንዚን ይበላል፤ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ሻጩ አውጥቶት እንደሆነ ጠይቂና አስመልሺው። የቧንቧ ውሃም አትሙዪበት፤ ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፤ ለብርዱ ባይሆን ለዝገቱ ሲባል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያስፈልገዋል።

የጥገናውን ወጪ በተመለከተ ደብተሬን አውጥቼ አየሁ። በ2017 ከቤንዚን፣ ከኢንሹራንስና ከቦሎ ውጪ 63 ሺህ ብር ገደማ አውጥቻለሁ። ሞተሩ የወሰደው የዘይትና የማጣሪያ ብቻ ነው። የቀረው የመንገዱ ግብር ነው፦ የፊት ፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ፣ የኋላ ሾክ አብዞርበር፣ ቴስቲና የሚባለው የፊት እግር መገጣጠሚያ፣ የእጅ ዋጋ። ፍሪሲዮን በ2015 በ19 ሺህ ቀይሬያለሁ፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ አይሞከርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ስትጠይቂ ወንበር ይዘሽ ብትጠይቂ ይሻላል። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ የምቀይረውን ሸራ አንቺ ባዶ መኪና ይዘሽ በሳምንት አንዴ ብትመላለሺ በዓመት አንዴ ይበቃሻል፤ ቁልቁለቱን በማርሽ እስከወረድሽ ድረስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን አውጥተው የሚለቁትን አትከተዪ። ይህ ሞተር በማርሽ ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋዋል፤ ያተረፉት ነገር ቢኖር የተቃጠለ የሸራ ሽታ ነው።

መለዋወጫ ይገኛል ወይ ላልሽው፣ ከፊት በር ወደ ፊት ያለው ሁሉ ከተራው ኮሮላ ጋር አንድ ስለሆነ ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ከኋላ በር ወደ ኋላ ያለው ግን የዋገን ብቻ ነው። የኋላ መስታወት፣ የኋላ መብራት፣ የኋላውን በር ደግፈው የሚይዙት ሁለቱ ዘንጎች ሲበላሹ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ፣ ሰው መላክ አለብሽ። የእኔ ዘንጎች ሲደክሙ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን በባሕር ዛፍ ዱላ ደግፌ ደብተር አራግፌአለሁ። አንድ ጊዜ ዱላው ተንሸራትቶ በሩ አናቴ ላይ ወርዷል፤ ጠባሳው አለ። ስለዚህ ስታዪው የኋላውን በር ክፈቺና ልቀቂው፤ ካልቆመ ከዋጋው ላይ አስቀንሺ።

የጻፍሽው ዋጋ ውድ ነው፤ የማይታሰብ ግን አይደለም። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ሁሉ ራሱን እንደ ሙሽራ ይቆጥራል። እኔ ብሆን ከያዝሁት ገንዘብ ላይ ፒስተን የማስቀየሪያውን ያህል ለብቻ አስቀምጬ፣ ቀሪው ለተጠየቅሽው ዋጋ ሲበቃኝ ብቻ እገዛው ነበር። ባያስፈልግ ደስ ይበልሽ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። «አልተነካም» የሚል ሻጭ ሲገጥምሽ የሞተሩን ቁጥር ብሎኩ ላይ አንብበሽ ከሊብሬው ጋር አመሳክሪ። የዚህ ሞተር ጭስ የሰለቸው ሰው ፒስተን ከማስቀየር ይልቅ ሙሉ ሞተር አውርዶ ሌላ ይሰቅላል። ቁጥሩ ከሊብሬው ካልገጠመ ቀብድ አትክፈዪ፤ ስም ለማዛወር ስትሄጂ መከራውን የምታዪው አንቺ ነሽ። ከገጠመ ግን አብሽሪ፣ ቅዳሜ በማለዳ ከባድ መኪና ሳይበዛ ሐረጎን አስወርጂውና ያየሽውን የጭስ ቀለም እዚሁ ጻፊልኝ።