ፓስወርዱን ከግድግዳው ላይ አንሺው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር ትንሽ ካፌ አለኝ። የ20 ሜጋ መስመር አስገብቻለሁ። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አሁን ቡና የሚጠጣው አስር ሰው ሲሆን ዋይፋዩ ላይ ያለው አርባ ነው። ከኋላ ግቢ የተከራዩ ተማሪዎች አልጋቸው ላይ ተኝተው ይጠቀሙበታል። ደንበኛዬ "ኔቱ ይጎተታል" ብሎ ተነስቶ ይሄዳል። ፓስወርዱን በየሳምንቱ ብቀይረውም በማግስቱ ያው ነው። አንድ ልጅ "ማይክሮቲክ የሚባል ራውተር ግዢና የዋይፋይ መግቢያ ኮድ ያለበት ካርድ አትመሽ ሽጪ" አለኝ። ምን ትመክረኛለህ?
ባለ ካፌዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ስለ ራውተሩ ልክ ነው። ስለ መሸጡ ግን እመለስበታለሁ።

ፓስወርድ መቀያየሩ ያልሠራልሽ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ነው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልክ ውስጥ የገባን ፓስወርድ በኪውአር ኮድ ለጓደኛ ማሳየት ይቻላል። አንድ ተማሪ ማኪያቶ ጠጥቶ ከወጣ ግቢው በሙሉ ገባ ማለት ነው። ራውተርሽም ደንበኛውንና ጎረቤቱን የሚለይበት ነገር የለውም።

ማይክሮቲክ የላትቪያ ኩባንያ ነው። እኔ የምወደው ትንሹና ርካሹ ራውተሩ እንኳ ሆትስፖት የሚባለውን አሠራር ስለያዘ ነው። ሰውየው ዋይፋዩን ሲይዝ መግቢያ ገጽ ይመጣለታል። ካርዱ ላይ ያለውን ኮድ ካላስገባ ኢንተርኔት አይከፈትለትም። የዋይፋዩን ፓስወርድ ግን ጨርሰሽ አታጥፊው፤ ካርዱ ላይ ከኮዱ በላይ አትሚው። ያለ ፓስወርድ የተከፈተ ዋይፋይ አየር ላይ ያለ ምንም ምስጠራ ነው የሚሄደው። የደንበኛሽ ደኅንነት ደግሞ የአንቺም ጉዳይ ነው።

ኮዱን በቁጥር ብቻ አድርጊው፤ ስምንት አሃዝ ይበቃል። ፊደል ሲቀላቀልበት ዜሮና "ኦ" እየተምታቱ አስተናጋጇ ቀኑን ሙሉ ኮድ ስታነብ ትውላለች። አራት አሃዝ ደግሞ በግምት ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ካርድ ሲያወጣ የሚያስበው ስለ ሰዓት ብቻ ነው። አንቺን የጎዳሽ ግን ፍጥነት ነው። አንድ ልጅ ፊልም ሲያወርድ ብቻውን 20ውንም ሜጋ ጠቅልሎ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ራውተሩ ውስጥ በካርዱ ፕሮፋይል (የካርዱ ደንብ በሚሞላበት ቦታ) ላይ "ሬት ሊሚት" የሚለውን፣ ማለትም የፍጥነት ገደቡን ሙዪ። ለአንድ ሰው ማውረጃ 2 ሜጋ፣ መላኪያ 1 ሜጋ ስጪ። ለዩቲዩብም ለቴሌግራምም ይበቃል። "20 ለ40 ሲካፈል ግማሽ ሜጋ አይደለም ወይ?" ትይኝ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይስብም፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ያወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርሽ፦ መጀመሪያ የሚጻፈው ቁጥር ደንበኛው የሚልክበት ነው፣ ማውረጃው ሁለተኛው ነው። ገልብጠሽ ከሞላሽው ደንበኛሽ በ1 ሜጋ እያወረደ ያማርርሻል።

"ሼርድ ዩዘርስ" የሚለው 1 ይሁን። ያን ጊዜ አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ይሠራል። ካርዱን ለግቢው ቢያከፋፍለውም ሁለተኛው ሰው አይገባም።

ነፃ የሙከራ ጊዜ ለመስጠት አትሞክሪ። ሙከራው የሚቆጠረው ስልኩ ለዋይፋዩ በሚያሳየው መለያ፣ ማክ አድራሻ በሚባለው ነው። የዛሬ ስልኮች ግን ለየዋይፋዩ የተፈጠረ አድራሻ ያቀርባሉ፤ ባለቤቱም ሊቀይረው ይችላል። የገባቸው ተማሪዎች በነፃ እየተመላለሱ ይገባሉ።

ሌላው የእኛ አገር ችግር መብራት ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ራውተሮች የሰዓት ባትሪ የላቸውም። በአንድ የማስተዳድረው ፔንሲዮን ሌሊት መብራት ሄዶ ተመለሰ። የአንድ ቀን ካርዶች ሦስት ቀን ሙሉ መሥራታቸውን ያወቅነው ቆይተን ነው። ራውተሩን ስከፍተው ዓመተ ምሕረቱ 1970 ይላል፣ በፈረንጆቹ። ቀኑ ወደ ኋላ ስለሄደ የትኛውም ካርድ ጊዜው አልደረሰም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ "ኤንቲፒ ክላየንት" የሚለውን አብሪው፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ አድርጊ። ራውተሩ 18 ሰዓት ሲልሽ ለእኛ ምሽት 12 መሆኑን ለአስተናጋጆችሽ ንገሪያቸው። ካርዱ ላይም "እስከ ስንት ሰዓት" ብለሽ አትጻፊ። "ከገቡበት ጀምሮ ለ2 ሰዓት" በይው።

ወደ ሽያጩ ልመለስ። ከሒሳብ ደረሰኝ ጋር ካርድ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ኢንተርኔትን ለብቻው ዋጋ አውጥቶ መሸጥ ሌላ ነው። የቴሌኮም አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር ነው የሚተዳደረው። ሳትጠይቂያቸውና የመስመር ውልሽን ሳታነቢ አንድ ካርድ እንኳ እንዳትሸጪ አደራ። እኔ ብሆን ከእያንዳንዱ ሒሳብ ጋር አንድ ካርድ እሰጣለሁ። ለሚያጠና ተማሪ ደግሞ ሁለተኛ ሻይ ሲያዝ ሁለተኛ ካርድ ይጨመርለት። እነዚያ ከኋላ ግቢ ያሉት ልጆች ሌባ አይደሉም፤ ኔት የቸገራቸው ልጆች ናቸው። ሰው በማይበዛበት ጠዋት ጠረጴዛሽን የሚሞሉልሽም እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። እንግዳው ዋይፋይ ሲጠይቅ ስሙንና ስልኩን መዝገብ ላይ እያጻፍኩ ነው ኮድ የምሰጠው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ክፍል ሲይዝ መዝግበኸው የለ? እንግዲያው የክፍሉን ቁጥር ኮዱ ላይ ጻፍና ተወው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የሰበሰብከውን የሰው መረጃ የመጠበቅ ግዴታ አለብህ። ስልክ ቁጥር የሞላበት ደብተር ሪሴፕሽን ላይ ተከፍቶ ሲውል፣ ኮድ ሊወስድ የመጣ ሁሉ ከእሱ በፊት የጻፈችውን ሴት ቁጥር ያነባል። ያን ደብተር ዛሬውኑ ቆልፍበት።