በዕድሩ ዕቃ ቤት የቀረው 17 ማዳበሪያ ልብስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን ዕድር በኩል ለተቸገሩ ቤተሰቦች ልብስ አሰባስበን ነበር። ደህና ደህናው ተከፋፍሎ አልቋል። ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ፣ ያለቀ ካናቴራና ሹራብ ግን 17 ማዳበሪያ ሙሉ በዕቃ ቤታችን ተቀምጧል። ለልዋጭ እንዳንሰጠው ሰው አምኖ በአደራ የሰጠን ነው፤ እንዳንጥለው አንጀታችን እምቢ አለ። ምን ይመክሩናል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንኳንም አልጣላችሁት! እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ ደሴ ውስጥ፣ በአባቴ ደጅ የእርዳታ ልብስ ከነማዳበሪያው ሲራገፍ አስታውሳለሁ። አብዛኛው የትልልቅ ሰው ካፖርት ነበር፤ ለልጆቹ መሬት ይጠርጋል። አባቴ ካፖርቱን በስፌቱ ይተረትርና ከአንዱ ሁለት የልጅ ኮት ያወጣ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አሮጌ ልብስ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። እናንተም ማዳበሪያዎቹን ስትከፍቱ ሸሚዝና ሱሪ እያላችሁ ሳይሆን በጨርቁ ዓይነት ለዩት።

በቅድሚያ ጃኬቶቹን አንሡ። ተበላሸ የሚባል ዚፕ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው፤ የላላው ላይ ታች የሚጎተተው የዚፑ ራስ ነው። ግራና ቀኙን በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ ጫን ስትሉት ጥርሱን መልሶ ይይዛል። ይህችን ብቻ የሚፈልግ ጃኬት በእናንተ ከተማ ብርድ ዕቃ ቤት ተቀምጦ መክረም የለበትም።

ጥጥ መሆኑን ካልለያችሁ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የጥጡ ካናቴራ ታጥቦ፣ ቁልፍና ዚፕ ካለው ወጥቶለት፣ ለጋራዦች መጥረጊያ ይሸጣል። ፖሊስተሩን አትቀላቅሉባቸው፤ በጋለ ሞተር ላይ ይቀልጣል። ለምድጃ ማቀጣጠያም እንዳይሰጥ አደራ፣ ጢሱ ይጎዳል። ታጥቦና ደቅቆ ተቆርጦ የትራስ መሙያ ይሁን።

ከሁሉም የምሳሳለት ጂንሱ ነው። ድሪቶ የሚለው ቃል የድህነት ስም ሆኖ መቅረቱ ያናድደኛል፤ በወግ የተሰፋ ድሪቶ የእጅ ጥበብ ነው። እግሩን በውስጥ ስፌቱ ተርትራችሁ ዘርጉት፣ 27 በ27 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 25 ይቀራል። ስድስት በስምንት ሲጋጠም አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። 48 ቁራጭ ማለት ነው፤ ለዚህም የአዋቂ ከሆነ ስምንት ሱሪ ያህል ይበቃል። የተቀደደውን ጉልበት ዝለሉት። መሐሉ ላይ የተተረተረ ሹራብ፣ ጀርባው ላይ አሮጌ አንሶላ ይግባ። የመኪናው መርፌ 16 ቁጥር ይሁን፤ ቀጭኑ በጂንስ ስፌት ላይ ይሰበራል።

ለዚህ ሥራ በሰፈራችሁ ስፌት የሚያውቁ እናቶች አይጠፉም። በነጻ ስፉ አትበሏቸው። ከሦስት ብርድ ልብስ አንዱ የሰፊዋ ይሁን፤ የጋራዡ ገንዘብም ለክርና ለመርፌ ይዋል። ለማን ይሰጥ የሚለውንም ለተቀባዮቹ ተዉት። ቤታቸው ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ማን መሬት ላይ እንደሚተኛ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ሳይታጠብ ምንም አይውጣ። እኔ ለልጄ የማላለብሰውን ለሰው ልጅ አልሰጥም፣ እናንተም አትስጡ።

አደራው ካስጨነቃችሁ በወሩ ስብሰባ ላይ የዕድሩ ዳኛ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ዘርግተው ለሰጪዎቹ ያሳዩ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ አንድ ሁለት ማዳበሪያ ቢኖር፣ አባላት ተስማምተው ለልዋጭ መስጠቱ ነውር የለውም። ልዋጭ የሚዞሩትም ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ዕድር ደግሞ ሐዘን በመጣ ቁጥር ኩባያና ሳፋ ይጎድለዋል፤ በዚያ ለውጡት።