ዝብርቅርቅ ነው ወይስ ሰፊ? እኔ አልበሙን ቆርጬው አይቻለሁ

እህቴ ጥያቄሽን እንዳየሁ የያዝኩትን ትቼ ነው ልመልስልሽ የተቀመጥኩት፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር እኔንም አንድ ሰሞን በጣም አብሰልስሎኛል። ያልሽው በአጭሩ ይሄ ነው አይደል፣ ቢግ ቲፍ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ የወደድሽው በ2019 ባወጧቸው ሁለት አልበሞች ነው፣ ድራገን ኒው ዋርም ማውንቴን አይ ቢሊቭ ኢን ዩ የሚለውን ባለ 20 ዘፈን አልበም ግን ሁለቴ ጀምረሽ ሁለቴም አቋረጥሽው፣ አንዱ ዘፈን ካንትሪ አንዱ የጊታር ጩኸት አንዱ ደግሞ የማሽን ከበሮ እየሆነ ደከመሽ፣ ሪቪው የሚጽፉት ሰዎች ሲያሞካሹት ጓደኞችሽ ዝብርቅርቅ ነው ይላሉ፣ አንቺ ደግሞ ችግሩ እኔ ጋ ነው ወይስ አልበሙ ጋ ብለሽ ጠየቅሽ። አንቺ ጋ ምንም ችግር የለም። ግን አልበሙም ዝብርቅርቅ አይደለም፣ ይሄን የምልሽ ደግሞ ዝም ብዬ ስለወደድኩት ሳይሆን በጄ ቆራርጬ ሞክሬው ስላየሁ ነው።

የኔን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2022 ነው፣ እኔም የዛኑ ቀን ሰምቼዋለሁ፣ ግን አሰማሜ ሰሚ የሚያስብል አልነበረም፣ ስልኬን ሹፍል ላይ አድርጌ፣ ማለት ዘፈኖቹን ያለ ተራ እንዲያቀላቅል፣ ሌላ ስራ እየሰራሁ ነበር። 80 ደቂቃ ገደማ የሚሄድ ነገር ነው እኮ፣ እኔ ግማሹን እንኳን ልብ ብዬ አልሰማሁትም። ስፐድ ኢንፊኒቲ ሲመጣ ያ በጥርስ ተይዞ በጣት የሚነዘረው ትንሽ ብረት ድዊንግ ድዊንግ ሲል ይሄ ደግሞ ምን ገባ ብዬ ዘለልኩት። የሚጫወተው የዘፋኟ የኤድሪያን ሌንከር ወንድም መሆኑን ያወቅኩት በጣም ቆይቼ ነው፣ አሁን ዘፈኑ ሲመጣ እህትና ወንድም አንድ ክፍል ውስጥ ሲጫወቱ ነው የሚታየኝ፣ አንዴም ዘልዬው አላውቅም። የዛን ቀን ግን አመሻሹ ላይ ለጓደኛዬ የጻፍኩለት፣ ጎበዝ ናቸው ግን አስር ዘፈን በቂ ነበር የሚል ነው።

ከዛ ያልኩትን አደረግኩት። ከ20ው ውስጥ 10 መርጬ የራሴን ፕሌይሊስት ሰራሁ። የመረጥኳቸው ሁሉም ከ2019ኙ ድምጻቸው ጋር የሚቀራረቡ፣ ለስለስ ያሉ፣ ጊታርና ድምጽ የሚጎላባቸው ናቸው፣ ቼንጅ፣ ስፓሮው፣ ፕሮሚስ ኢዝ ኤ ፔንዱለም፣ ሲሙሌሽን ስዋርም ምናምን። ሁለት ሳምንት እሱን ብቻ ሰማሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የምር ደስ ይል ነበር፣ አሁን ገና አልበም ሆነ እል ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ዘፈኖቹ እርስ በርስ መመሳሰል ጀመሩብኝ፣ በተለይ ሲሙሌሽን ስዋርም። መሀል ላይ ኤድሪያን ራሷ የምትጫወታት የጊታር ሶሎ አለች፣ በአልበሙ ውስጥ ስትሰሚው 17ኛ ላይ ስለሆነ ያን ሁሉ ከበሮና ግርግር አልፈሽ ነው የምትደርሽበት፣ ልክ ከጸሐይ መጥተሽ ጥላ ውስጥ እንደገባሽ ነው የሚያደርግሽ። እኔ ፕሌይሊስት ውስጥ ግን ከሌላ ለስላሳ ዘፈን ቀጥላ ስትመጣ በቃ አንድ ሌላ ለስላሳ ዘፈን ሆነች፣ ሶሎዋም አለፈችኝ። ዘፈኑ ያው ነው፣ አንድ ኖታ አልተነካም፣ የቀየርኩት ጎረቤቱን ነው።

ያኔ ነው ወደ ሙሉው ተመልሼ በተራው መስማት የጀመርኩት፣ በሄድፎን፣ ማታ ማታ፣ ሌላ ስራ ሳልይዝ።

አብዛኛው ሰው የሚያቋርጥበት ቦታ ከ9 እስከ 11 ያለው ይመስለኛል፣ አንቺም እዛ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ያቋረጥሽው። 9ኛው ፍላወር ኦፍ ብለድ ነው፣ ጊታሩ ዙሪያሽን እንደ ጭጋግ ይከብሻል፣ ድምጿም ከጭጋጉ ኋላ ነው። 10ኛው ብለርድ ቪው ይመጣል፣ ጭጋጉ ይቆማል፣ ከባድ ከበሮና ቤዝ ብቻ ይቀራል እሷም በሹክሹክታ ጆሮሽ ስር ትገባለች፣ ፎክ የሚባል የሕዝብ ዜማ ነገር እዛ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ከዛ 11ኛው ሬድ ሙን ላይ በአንዴ ቫዮሊኑ ይነሳል፣ ሰዎች ተሰብስበው በረንዳ ላይ የሚጫወቱ ነው የሚመስለው፣ ሳቅ ሳቅ የሚል ካንትሪ። ሶስት ዘፈን ሶስት ሌላ ባንድ ትያለሽ። እኔም ብያለሁ። አሁን ግን ሶስቱን በተከታታይ ስሚና ዘፋኟን ብቻ ተከተያት። 9ኛው ላይ ሩቅ ናት፣ 10ኛው ላይ ጆሮሽ ስር ናት፣ 11ኛው ላይ ክፍሉ መሀል ቆማ ከሰው ጋር ነው የምትዘፍነው። ማለት የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት፣ መሳሪያው እሷ ካለችበት ቦታ ጋር ነው የሚቀያየረው። ይሄን አንዴ ከሰማሽው በኋላ ሶስቱ ዘፈኖች አይለያዩም፣ እኔ አሁን አንዱን ለይቼ መስማት ያቅተኛል።

ይሄ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነም አይደለም። የሀሳቡ ባለቤት ከበሮ መቺው ጄምስ ክሪቭቼኒያ ነው፣ ፕሮዲዩሰሩም እሱ ነው። የኤድሪያን የግጥምና የዜማ ስራ ብዙ መልክ ስላለው በአንድ ስቱዲዮ አንድ ድምጽ ሊይዘው አይችልም ብሎ አራት ቦታ በአራት የተለያዩ የድምጽ መሐንዲሶች እንቅዳ አለ። በኮሮናው ጊዜ ነው ይሄ። እንዳለውም ተደረገ፣ ኒውዮርክ ግዛት ሰሜኑ ክፍል ገጠር ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ ቶፓንጋ ካንየን፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ፣ አሪዞና ቱሳን። 45 ዘፈን ጨርሰው ነው 20ውን የመረጡት። ስለዚህ መራጭ አጥተው ያገኙትን ሁሉ ጫኑብን የሚለው ሀሜት አይገባኝም፣ ከግማሽ በላይ ጥለው ነው የመጡት።

አራት ቦታ ስልሽ ደግሞ ልዩነቱ ይሰማል። የቱሳኖቹ ላይ ነው ያ ቫዮሊን የበዛበት ካንትሪ ነገር ያለው። ሰርተንቲ የምትባለው 4ኛዋ ዘፈን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነው የተቀዳችው፣ ደጅ በረንዳ ላይ ሆነው፣ ባለ አራት ትራክ የቴፕ መቅጃ ከመኪና የሲጋራ መለኮሻ ላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ። ይሄን ሳላውቅ በፊት ድምጿ ለምን እንደዛ ጠባብና ሞቅ ያለ እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር፣ ጥራቷ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ መስሎኝ ሁሉ ነበር። አሁን ስሰማት ግን አራት ሰው ተጠጋግቶ፣ ቴፑ እስኪያልቅ ወይ ባትሪው እስኪሞት እንጨርስ እያለ የሚጫወት ነው የሚመስለኝ፣ ሁለቱ ድምጾች አንድ ላይ ሲዘፍኑ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። ስቱዲዮ ውስጥ ደግመው ቢቀዷት ኖሮ ንጹህ ትሆን ነበር፣ ያ ቅርበት ግን የሚኖራት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስሽ፣ አንቺ የምትወጂያቸው የ2019 አልበሞች ራሳቸው አንድ ዓይነት አልነበሩም እኮ። ዩ ኤፍ ኦ ኤፍ ዋሽንግተን ግዛት ጫካ ውስጥ ተቀድቶ በሜይ ወጣ፣ ቱ ሃንድስ ደግሞ ወዲያው በቴክሳስ በረሃ ኤል ፓሶ አጠገብ ተቀድቶ በኦክቶበር ወጣ። አንዱ አየር አየር የሚል አንዱ አቧራ አቧራ የሚል፣ ባንዱ ራሱ የሰማይና የምድር መንትዮች እያለ ነው የሚጠራቸው። ያኔ ለሁለት ከፍለው በየሽፋኑ ስላስቀመጡልሽ ነው ያልከበደሽ። 2022 ላይ ያንኑ አራት ቦታ ከፍለው አንድ ሽፋን ውስጥ ከተቱት። ነገሩ ይሄ ነው።

ጓደኞችሽ የሚሉት ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ሲወጣ ያ ክርክር ሁልጊዜ አለ፣ 1968 ላይ ቢትልስ ያን ነጩን ባለ 30 ዘፈን አልበም ሲያወጡ ፕሮዲዩሰራቸው ጆርጅ ማርቲን ራሱ አንድ ሸክላ ብቻ አድርጋችሁ ምርጥ ምርጡን ብታወጡ ይሻላል ብሎ ነበር። እሱን የሚያህል ሰው ያለውን እኔ ስህተት ነው አልልም። ግን ዛሬ ሰው ቁጭ ብሎ ያን አልበም ወደ 15 ዘፈን ሲቆርጥ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ዝርዝር አያወጣም፣ የኔ ትርፍ ያንቺ ተወዳጅ ነው። እኔና ጓደኛዬ በቢግ ቲፉ አልበም ሞከርነው፣ እሱም 10 መረጠ እኔም 10፣ የተገናኘነው በ4 ዘፈን ብቻ ነው። ስፐድ ኢንፊኒቲን እሱ አንደኛ አድርጎ ነው ያስቀመጠው!

ስልት መቀየር ሁሉ እንደዚህ ይሳካል ማለቴ ግን አይደለም፣ ይሄን ለይቼ ልንገርሽ። ማምፈርድ ኤንድ ሰንስ የሚባሉትን የእንግሊዝ ባንድ ታውቂያቸዋለሽ፣ በ2009ኙ የመጀመሪያ አልበማቸውና በ2012ቱ ባቤል ባንጆ በሚባለው ክብ ባለ ክር መሳሪያ ዓለምን አዳረሱ፣ ባቤል 2013 ላይ የግራሚ የዓመቱ አልበም ሆነ። 2015 ላይ ዋይልደር ማይንድ መጣ፣ ባንጆው የለም፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ሙሉ ከበሮ። ያኔ እኔ በጣም ከተከፉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፣ ባንጆዬን ወሰዱብኝ ባይ። ከዓመታት በኋላ ተረጋግቼ ስሰማው የከፋኝ በባንጆው እንዳልሆነ ገባኝ። አልበሙ አልተለያየም፣ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ አንድ ቀለም ነው የተዛወረው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰፊ ስታዲየም የሚሞላ ሮክ ነው፣ ጊታሩ ከሌላ ብዙ ባንድ ጊታር ጋር ሊምታታብሽ ይችላል። ቢግ ቲፍ ላይ ግን የማሽን ከበሮ የገባበት ዘፈን እንኳን ማን እንደሆነ ለመለየት አስር ሰከንድ አይፈጅብሽም። እኔ የምለካው በዚህ ነው፣ ልብሱ ሲቀየር ሰውየው ይታወቃል ወይ። በተራ ጊታር ፎክ ሲዘፍን የታወቀው ቦብ ዲላን ጁላይ 25 ቀን 1965 ኒውፖርት በሚባለው የፎክ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ የጮሁበት ሰዎች ልብሱን አዩ፣ ሰውየው ግን ያው ነበር፣ ግጥሙም አፉም።

የአልበሙን ድክመት አልደብቅሽም። ሄቪ ቤንድ ለኔ ያላለቀ ነው፣ ጥሩ ሀሳብ ይጀምራል ከዛ ሳይሞቅ ያልቃል፣ ስንት ጊዜ እድል ሰጥቼው አሁንም እዛው ነው። ዌክ ሚ አፕ ቱ ድራይቭም ከ13ኛው ኖ ሪዝን ቀጥሎ ባይመጣ እወድ ነበር፣ ያ ዋሽንት ያለበት ዘፈን ልብሽን ከፍ አድርጎ ሳለ ወዲያው ማሽኑ ቲክ ቲክ ሲል ይሰብረዋል። እና ድካምም አለ፣ የምር፣ 20 ዘፈን በአንዴ ቁጭ ብሎ መስማት ከባድ ነው፣ 15ኛው ላይ ጆሮ ይዝላል። ስለዚህ ደከመኝ ያልሽው ልክ ነሽ፣ እኔ ያንቺን ድካም ከዝብርቅርቅነት ይልቅ ከርዝመቱ ጋር ነው የማያይዘው።

እንደኔ ከሆነ በአንድ ቀን አትስሚው። አምስት አምስት አድርገሽ ለአራት ማታ ከፋፍይው፣ በተራው፣ ሹፍል ይጥፋ። የመጀመሪያው ማታ ከቼንጅ እስከ ርዕሱ ዘፈን ድረስ ነው፣ እዛ ውስጥ አምስቱም ዘፈን አምስት ቦታ ይወስድሻል ግን ቼንጅ ላይ የምትሰሚያት ዝግ ያለች ጊታር በርዕሱ ዘፈን ተመልሳ የምታርፍ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ማታ ላይ ፍላወር ኦፍ ብለድና ብለርድ ቪው ስላሉ ድምጹን ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ በስልክ ስፒከር ከሰማሻቸው ቤዙ ስለማይወጣ ሁለቱም ባዶ ጩኸት ነው የሚሆኑብሽ፣ አብዛኛው ሰው የሚጠላቸውም በዚህ ይመስለኛል። ሶስተኛው ማታ በሬድ ሙን ይጀምራል፣ አየሽ ያን 9 10 11 ያልኩሽን በመሀል ሌሊት ይከፍልብሻል፣ እና የዛን ቀን ከ9 ጀምሪ። አራተኛው ላይ ሲሙሌሽን ስዋርም አለ፣ ሶሎዋን ጠብቂያት።

የመጨረሻው ብሉ ላይትኒንግ ሲያልቅ ደግሞ ቶሎ አትዝጊው። ሙዚቃው ከቆመ በኋላ ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ሰው አሁን ምን እናድርግ ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል። 80 ደቂቃ ሙሉ አራት ቦታ ሲዞሩ ቆይተው ነው ይሄን የሚሉት፣ በድምጹ ውስጥ ድካም የሚባል የለም፣ ልጅ ከጨዋታ ጨዋታ ሲቀይር የሚጠይቀው አጠያየቅ ነው። እዛ ስትደርሺ መጥተሽ ጻፊልኝ፣ በተለይ ሄቪ ቤንድን ከወደድሽው ምን እንደሰማሽበት ማወቅ እፈልጋለሁ።