ዳገት ላይ መኪናዋን የእጅ ፍሬኑ ይያዝልሽ

ሰላም እህቴ። «መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ነው። ዳገት ላይ ስቆም ወይ ሞተሩ ይጠፋል ወይ ወደ ኋላ እንሸራተታለሁ። ከኋላዬ ያለው ደግሞ ተጠግቶኝ ይቆማል። ምን ላድርግ?» ላልሽው ነው። ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ ለዓመታት ሚኒባስ ነድቻለሁ፤ ዳገት የዕለት እንጀራዬ ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱን ሁሉ በራስሽ ላይ አትጫኚ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ የቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ነዳጅ ሳትሰጫት አትነሳም።

ብዙ ሰው «እግርሽን ከፍሬን ወደ ነዳጅ ቶሎ አሻግሪ» ይልሻል። እኔ ለጀማሪ አልመክርም። ፍጥነቱ በልምድ ይመጣል፤ አሁን የሚያስፈልግሽ እርጋታ ነው። ስትቆሚ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ። ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ እስከ መጨረሻው ረግጠሽ አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ትንሽ ነዳጅ ስጪና እዚያው ያዢው። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ። የሆነ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናዋ ፊትም ትንሽ ቀና ይላል። እግርሽ እዚያ ይቁም! አሁን የእጅ ፍሬኑን አውርጂ። መኪናዋ ወደ ኋላ አትሄድም። ነዳጅ ጨምሪና የቀረውን ፍሪሲዮን በዝግታ ልቀቂ።

ያንን ቦታ እግርሽ በደንብ እንዲያውቀው እሁድ ጠዋት ሜዳ ላይ ተለማመጂ። ነዳጅ ሳትነኪ፣ በፍሪሲዮን ብቻ መኪናዋ መንቀሳቀስ እስክትጀምር ልቀቂ፤ መልሰሽ እርገጪ። ቀጭን ሶል ያለው ጫማ አድርጊ። የሰው መኪና ስትይዥም እንዲሁ ሞክሪ፤ አንዱ ከታች ይይዛል፣ ሌላው ከላይ።

አደራ፣ ቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ መብራት እስኪለቅ በግማሽ ፍሪሲዮን ተንጠልጥለሽ አትጠብቂ። የፍሪሲዮኑ ሸራ በቮላኖውና (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ጎማ) በስፒንጊ ዲስኩ (ሸራውን በሚጫነው ብረት) መሃል እየተፋተገ ይግላል። የተቃጠለ ነገር ከሸተተሽ እሱ ነው። በጉዞ ላይም ግራ እግርሽን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፊ፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚገፋውን ኩሽኔታ ይበላዋል።

ስለ ቁልቁለት አልጠየቅሽም፣ ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚወርድ ሰው አለ። አባይ በረሃን አስቢው፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በዜሮ ከወረድሽ ክብደቱን ሁሉ ፍሬኑ ብቻ ይሸከማል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል። ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር እየተለካ የሚረጭለት መኪና ደግሞ ማርሽ ላይ ሆኖ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ነዳጁን ይዘጋል፤ በዜሮ በመውረድ የሚቆጠብ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ በትክክል አድርገሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ጉልበት ካጣች ግን ሸራው አልቋል። ስታስቀይሪ ሸራውን፣ ስፒንጊ ዲስኩንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ አስቀይሪ። ለአንዱም ለሦስቱም ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረዱ አይቀርም፤ የእጅ ዋጋ ሁለቴ አትክፈይ።