ፖሊስ ሳልሆን ፖሊስን መቆጣጠር እችላለሁ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሜሪካ፣ ሲያትል ነው የምትኖሪው፣ የሦስተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነሽ። ፖሊስን በሚቆጣጠር የከተማ መሥሪያ ቤት መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ ፖሊስ መሆን ግን አትፈልጊም። አባትሽ ደግሞ «ከፖሊስ ጋር ምን አገናኘሽ? ጎመን በጤና» ብለውሻል።

ትችያለሽ። ያለሽበት ከተማም ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ለምን እንደሆነ ከታሪኩ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2010 ጆን ዊሊያምስ የተባለ የአገሬው ተወላጅ እንጨት ጠራቢ መሀል ከተማ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። በእጁ የያዘው ትንሽ የእንጨት መቅረጫ ቢላዋና ቁራጭ እንጨት ነበር። አንድ ጆሮው አይሰማም። የፖሊሱ መኪና ካሜራ ሰውየው መንገዱን ሲሻገር ያሳያል። ፖሊሱ ወርዶ ይከተለዋል። ከዚያ ሁለቱም ከምስሉ ይወጣሉ፤ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው። ቢላዋውን እንዲጥል ይጮኽበታል፣ ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ተኩስ ይሰማል። የመርማሪ ሥራ እነዚያን ሰከንዶች መቁጠር ነው። አንዴ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ። ትዕግሥት ከሌለሽ ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል።

በ2011 መጨረሻ የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የከተማው ፖሊስ ከመጠን ያለፈ ኃይል የመጠቀም ልማድ እንዳለው አሳወቀ። በ2012 የከተማው ፖሊስ መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ገባ። ክትትሉ የተነሳው በ2025 ነው። አሁን ሸክሙ የቀረው ከተማው ራሱ ላይ ነው፤ በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት በሚሠሩ ሦስት ተቋማት ላይ።

የፖሊስ ተጠያቂነት ቢሮው የሰዎችን ቅሬታ ተቀብሎ ይመረምራል። ኃላፊው ሲቪል ነው፣ ከመርማሪዎቹም ሲቪሎች አሉ። የኢንስፔክተር ጀነራሉ ቢሮ ምርመራው በደንብ መሠራቱን ያጣራል፣ ኦዲትም ያደርጋል። ቁጥርና ኤክሴል ከወደድሽ ቦታሽ እዚያ ነው። የማኅበረሰብ ፖሊስ ኮሚሽኑ የሕዝቡን ድምፅ ያቀርባል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ የተጠያቂነት ቢሮው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ቅጣቱን የሚወስነው የፖሊስ አዛዡ ነው። ብዙ የደከምሽበት ፋይል እንዳሰብሽው ላያልቅ ይችላል። ብዙ ጊዜም ፖሊሱ ትክክል እንደነበር ራስሽ ትጽፊያለሽ። ማስረጃው እንደዚያ ካለ እንደዚያ መጻፍ አለብሽ።

አማርኛሽን «ይህ እንኳን አይጠቅምም» ብለሻል። እዚህ ላይ አልስማማም። አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ሳስተረጉም ቅሬታ የሚለውን «ክስ» አልኩት። ሴትየዋ ወዲያው ቦርሳቸውን አነሱ። «ልጄ፣ እኔ መንግሥት አልከስም» ብለው ወጡ፣ አልተመለሱም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ላደገ ሰው በቅሬታና በክስ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ደግሞም «ማስረጃው ለመወሰን አልበቃም» ማለትና «ነገሩ አልተፈጸመም» ማለት አንድ አይደሉም። ይህንን ለአንድ የታክሲ ሹፌር ረጋ ብሎ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ዲግሪውን አትጠብቂ። የኮሚሽኑ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሄደሽ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አዳምጪ። የተጠያቂነት ቢሮው የተዘጉ ጉዳዮችን ማጠቃለያ በድረ ገጹ ያወጣል። አሥሩን አንብቢ። አንዱን መርጠሽ አንድ ገጽ ጻፊ፤ ምን ተባለ፣ ምን ማስረጃ ተገኘ፣ ለምን እንደዚያ ተወሰነ። ለኢንተርንሺፕ ስታመለክቺ ያ ገጽ ከሲቪሽ በላይ ይናገርልሻል።

ለአባትሽ ደግሞ መሣሪያ እንደማትይዢ፣ ሰው እንደማታስሪ ንገሪያቸው። ሥራሽ ፋይል ማንበብ፣ ሰው ማዳመጥና መጻፍ ነው። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። የእኛ ሰው ሁሉም ይተዋወቃል። የሰማሽውን ቡና ላይ ቀርቶ ለእናትሽም መናገር አትችዪም። ይህንን ትችዪው እንደሆነ ከወዲሁ ራስሽን ጠይቂ።

ገጹን ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።